የመከሩት መንገድ ዕዳ ነውን?

ሰው ከወዳጁ ገንዘብ ተበድሮ ሳይከፍል ቢቀር ባለዕዳ ይባላል፤ ዳኛም ይፈርድበታል። እህል ተበድሮ ባይመልስም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ሁለት ወዳጆች አንድ ማታ ተቀምጠው «በእንዲህ ያለው ወር ወደ እንዲህ ያለው አገር አብረን እንሄዳለን፤ ከወንዝ ዳር ውለን ዓሣ እናጠምዳለን» ብለው ቢመክሩና ሳይሄዱ ቢቀሩ፥ አንደኛው ለሌላው ምን ዕዳ አለበት? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ቢሰማው ይሥቃል። «የሥራ ቀጠሮ ያፈረሰ ይወቀስ፤ የጨዋታ ቀጠሮ ቢቀር ግን ማን ተጎዳ?» ይላል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። አሁን ግን አሳቤ ስለ ተለወጠ፥ የተለወጠበትን ምክንያት ለአንባቢዎች ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩ ባዶ ክርክር እንዳይሆን በራሴ ከደረሰው እጀምራለሁ። በልጅነታችን በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን አንድ ወዳጅ አለኝ። እርሱ በጎልማሳነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ የመሬት ቅየሳ ሲማር፥ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው ከኮሎራዶ ተራሮች በሚወርዱ ወንዞች ዳር ነበረ። ወደ አገሩም ሲመለስ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ቀጭን፥ አራት ቦታ የሚፈታ ዘንግ፥ አንድ የክር መጠምጠሚያና የላባ ዝንቦች የተሞላች ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ መጣ። ዘመዶቹ ሣጥኒቱን ከፍተው ባዩ ጊዜ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ያመጣው ዝንብ ነውን?» ብለው ሣቁበት።

የዚህ የማጥመድ ጥበብ ነገር እንዲህ ነው። በሐይቅ ዳር እንደምናየው፥ አጥማጅ በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ሥጋ ሰክቶ እርሳስ ያሥርበትና ወደ ውኃ ይወረውረዋል፤ ክብደቱ ከመንጠቆው አጠገብ ስለሆነ ክሩን የሚጎትተው እርሱ ነው። ይህኛው ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። በመንጠቆው ላይ የሚታሠረው የላባ ዝንብ ክብደት ስለሌለው ብቻውን ሊወረወር አይቻልም። ስለዚህ ክብደቱ በክሩ ውስጥ ይደረግና አጥማጁ ክሩን በዘንጉ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየመለሰ በአየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ዝንቡም ክሩን ተከትሎ ከሁሉ በኋላ በውኃው ፊት ላይ በቀስታ ያርፋል። ዓሣው ከሰማይ የወደቀ እውነተኛ ዝንብ መስሎት ብቅ ይላል። ወዳጄ በግቢው ሣር ላይ ቆሞ ሲያስተምረኝ «ብትቸኵል ክሩ ይተበተብብሃል፤ ብትዘገይ ደግሞ ከኋላህ ይወድቅብሃል» ይለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ክር ብቻ የሚናገር መሰለኝ።

ጥበቡም አዲስ አይደለም። ኤልያኖስ የተባለው የሮማ ሰው ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ ቋንቋ በጻፈው የእንስሳት መጽሐፍ፥ የመቄዶንያ ሰዎች አስትራዮስ በሚባል ወንዝ ውስጥ ቀይ ሱፍ በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው፥ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረውበት ነቍጥ ያለበትን ዓሣ እንደሚይዙ ተርኳል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ዘንጉና ክሩ ተሻሽሏል እንጂ የነገሩ መሠረት አልተለወጠም።

በአገራችን ለዚህ ጥበብ የሚሆነው ዓሣ ትራውት የሚባለው ነው። እርሱም ቀዝቃዛና ጥሩ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብ፥ በሻያና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ፥ በዚያም ረባ። ወደ ኬንያም ቢሆን ቡናማው ዘር የገባው ከስኮትላንድ ነው። እንግዲህ ይህ ዓሣ ከእኛ ከሁለታችን ይልቅ ብዙ አገር ያየ መንገደኛ ነው ማለት ነው።

አንድ የክረምት ማታ በወዳጄ ቤት ካርታ ዘርግተን የባሌን መንገድ መከርን። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሞጆ፥ በዝዋይና በሻሸመኔ አድርገን፥ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ እንገባለን፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ስትሆን ከፍታዋ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ዝናሙ አባርቶ ወንዙ እስኪጠራ እንጠብቅ ተባባልን፤ ስለዚህ ወሩ ታኅሣሥ እንዲሆን ቈረጥን። በዚያ ወር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ካፖርት እንዲያዝ ተጻፈ። ሥራውንም ተካፈልን፤ መኪናውን ማሰናዳት፥ ስንቁንና የፓርኩን ፈቃድ መጠየቅ በእኔ ላይ፥ ዘንጉንና ዝንቡን ማዘጋጀት በእርሱ ላይ ሆነ። ከማጥመዱ በኋላ ወደ ሳነቴ አምባ ወጥተን ቀይ ቀበሮን ለማየት፥ 4377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱንም ለመሳለም ተስማማን።

በዚያው ማታ ብርቱ ክርክር ተነሣብን። እርሱ «የያዝነውን ዓሣ ሁሉ መልሰን እንለቀዋለን፤ በተማርሁበት አገር እንዲህ ነው የለመድሁት» አለ። እኔም «የማትበላውን ፍጥረት አፉን በመንጠቆ ወግተህ ስታበቃ ብትለቀው ምን ጽድቅ ይሆንልሃል? ለምግብ የገደለ ሰው ምክንያት አለው፤ ለጨዋታ ያሠቃየ ግን ምን ምክንያት አለው?» አልሁት። እርሱም «ሳይራብ የሚገድልስ ምን ምክንያት አለው? ሆዳችን በእንጀራ እንደሚጠግብ እያወቅን የወንዙን ልጅ መጨረስ ይገባልን?» ሲል መለሰልኝ።

ነገሩን ሁለታችንም ስንመረምረው፥ በአንድ ሕግ የሚቈረጥ አለመሆኑን አገኘን። በአሜሪካ የሎውስቶን የሚባል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1872 የተከለለ ታላቅ ፓርክ አለ። በዚያ ከጉሮሮው በታች ቀይ ሰረዝ ያለበትን የአገሩን ተወላጅ ትራውት የያዘ ሰው ሳይጎዳ እንዲለቀው ሕጉ ያዛል። በዚያው ፓርክ ሐይቅ ውስጥ ግን በ1994 ሌላ፥ ከውጭ የገባ ታላቅ ትራውት ተገኘ፤ እርሱም የአገሩን ዓሣ እየበላ ስላጠፋው፥ እርሱን የያዘ ሰው እንዲገድለው እንጂ እንዲለቀው አልተፈቀደም። ስለዚህ በአንድ ውኃ ዳር መልቀቅም መግደልም፥ እንደ ዓሣው ዐይነት፥ ግዴታ ይሆናል። እኔ ይህን ይዤ «የባሌውም ትራውት እንግዳ ስለሆነ ብንበላው ነውር የለውም» ብል፥ ወዳጄ ሥቆ «በኢትዮጵያ እንግዳ ይታረድለታል እንጂ ይታረዳልን?» አለኝ። በመጨረሻ ለማታ ራት የሚበቃ ሁለት ዓሣ ብቻ እንድንወስድ፥ የቀረውን እንድንለቅ፥ መንጠቆውም የኋላ ጥርስ የሌለው እንዲሆን ተስማማን። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ግን ለሊቃውንት ትተን፥ ጉዞውን ከጾም ውጭ ባለ ቀን እናድርገው ተባባልን፤ ታኅሣሥም ጾመ ነቢያት የሚጾምበት ስለሆነ ከልደት በዓል ማግስት እንነሣለን ብለን በካርታው ጀርባ ጻፍነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የተመከረው ከሰባት ዓመት በፊት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዛብኝና «ለከርሞ ይሁን» አልሁት። በሁለተኛው የእኅቴ ልጅ ሠርግ ነበረ። በሦስተኛው መኪናዬ ተበላሸች። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንዳንዱ ምክንያት እውነተኛ ነበረ፥ አንዳንዱም እውነት የሚመስል ነበረ። ወዳጄ አንድ ቀን እንኳ አልተቈጣም። «መልካም፥ ለከርሞ» ይለኝና ክረምት በገባ ቍጥር ላባ እየጠመጠመ አዲስ ዝንብ ይሠራ ነበር። ሣጥኒቱም ሞልታ ሌላ ሣጥን ተጨመረባት። አንድ ቀን ባለቤቱ በር ላይ ተቀብላኝ «ዘንድሮም ዝንቡን ሠርተው ጨርሰዋል፤ እርስዎ ግን መቼ ይሄዳሉ?» ብላ በጨዋታ ጠየቀችኝ። በጨዋታ መለስሁላት።

ባለፈው ክረምት ግን ልጠይቀው ብሄድ፥ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አንዲት መንጠቆ በጣቱ ይዞ አገኘሁት። ክሩን በመንጠቆዋ ቀለበት ለማስገባት ደጋግሞ ይሞክራል፤ አይገባለትም። ገብቼ ስቀመጥ «እስኪ አንተ አስገባልኝ» ብሎ ሰጠኝ። አስገባሁለት። ያን ጊዜ፥ የዓይኑ ብርሃን ከሁለት ዓመት ጀምሮ እየደከመ መሄዱን፥ ሐኪሞችም የቀረውን ለማቈየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ እንደማይችሉ እንደ ነገሩት ሰማሁ። «ለምን አልነገርኸኝም?» ብለው «ብነግርህ ለእኔ ብለህ የምትሄድ ይመስልሃል፤ እኔ ግን አብረን ደስ ብሎን እንድንሄድ ነበር የፈለግሁት» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ላይ ራሴን ጠየቅሁ። በዚህ ሰው ላይ በደል ሠርቻለሁን? ገንዘቡን አልወሰድሁም፤ አልዋሸሁትም። ስለዚህ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ሦስት መከላከያ አቀረብሁ።

የመጀመሪያው፥ «ምክር ቃል ኪዳን አይደለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፥ ምኞት፥ አሳብ፥ ምክርና ቃል ኪዳን በደረጃ ይለያያሉ። ምኞት በልብ የሚቀር ነው፤ አሳብ ሰው ለብቻው የሚይዘውና ለብቻው የሚተወው ነው። ምክር ግን ሁለት ሰው የሚይዘው ነገር ነው፤ አንዱ በሌላው አፍ ተማምኖ ኑሮውን ያሰናዳበታል። ወዳጄ በእኔ ቃል ተማምኖ ሰባት ክረምት ላባ ጠመጠመ፤ ሌሎች ወዳጆቹ ወደ ሌላ ቦታ ቢጠሩት «ከእርሱ ጋር ተነጋግረናል» እያለ ቀረ። እንግዲህ ምክር ባይጻፍም ባይማልበትም፥ ሌላው ሰው ቢደገፍበት ቃል ኪዳን ይሆናል። ግድግዳ የሚያደርገው የአናጢው ስያሜ ሳይሆን ጣሪያው የሚያርፍበት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው፥ «ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል» የሚለው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ፥ ነገ ወደ እንዲህ ያለ ከተማ እንሄዳለን የሚሉትን ገሥጾ «ጌታ ቢፈቅድ» እንዲሉ አስተምሯል። ነገር ግን ይህን የተናገረው ትዕቢትን ለመስበር ነው እንጂ ስንፍናን ለመሸፈን አይደለም፤ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ መልካሙን አውቆ የማያደርግ ሰው በደለኛ መሆኑን መናገሩ ስለዚህ ነው። እኛ ግን የመጀመሪያውን ቃል ይዘን ሁለተኛውን እንረሳለን። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብዬ ሰባት ጊዜ ተናገርሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተነሥቼ ፈቃዱን በመንገድ ላይ አልጠየቅሁም። ጴጥሮስ ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ ባለ ጊዜ ባልንጀሮቹ አብረነው እንሄዳለን ብለው በዚያችው ሌሊት በታንኳ ገቡ እንጂ ለከርሞ አላሉትም።

ሦስተኛው መከላከያ ከሁለቱ ይልቅ የረቀቀ ነው፤ «የጉዞ ደስታ እኩሌታው በመምከሩ ነው፤ ካርታ ዘርግተን የተጫወትንበትን ማታ ማንም አልወሰደብንም» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ያ ማታ መልካም ማታ ነበረ። ነገር ግን የምክር ደስታ ብድር ነው፤ ከሚመጣው ቀን ላይ አስቀድሞ የሚወሰድ ነው። ቀኑ ቢመጣ ብድሩ ይከፈላል፤ ባይመጣ ግን፥ አስቀድመን የበላነው ደስታ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመራል። ይህንም የማያምን ሰው፥ ከሞተ ወዳጁ ጋር የመከረውን ያስብ።

በዚህ አሳብ ላይ ሳለሁ የሁለት እንግሊዛውያን ታሪክ ትዝ አለኝ። ኢዛክ ዋልተን የሚባለው ሰው በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው መጽሐፍ በዓለም የታወቀ ነው። በ37 ዓመት የሚያንሰው ወዳጁ ቻርልስ ኮተን በ1676 በላባ ዝንብ ስለ ማጥመድ የሚናገር ሁለተኛ ክፍል ጨመረበት። ይህ ኮተን በ1674 ደቭ በሚባለው ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት ሠራና የሁለቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጠላልፎ ከበሩ በላይ አስቀረጸ፤ ቤቲቱም እስከ ዛሬ ቆማለች። በመጽሐፉ ግን የሚያሳዝን ነገር ተጽፏል። ሽማግሌው ፊደላቱን ያየው ድንጋዩ ገና ሲጠረብ ነበረ፤ በበሩ ላይ ቆመው አላያቸውም፤ በዚያም በጋ ለመምጣት እንደሚጠራጠር ጽፎለት ስለ ነበረ ወዳጁ የሚቀር መስሎት ይፈራ ነበር። ዋልተን ይህን አንብቦ በዚያው ዓመት መልስ ጻፈ። ከመቶ ማይል የሚበልጥ መንገድ በመካከላቸው እንዳለና ዕድሜውም ሰማንያ ሦስተኛው እንደሆነ አስታውሶ፥ ሁለቱንም ረስቶ በሚመጣው ወር እንደ ተሳላሚ ወደ እርሱ መንገድ እንደሚጀምር ገለጠለት።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሽማግሌ ተመልከት። ከእኔ ይልቅ እውነተኛ ምክንያት ነበረው፤ እርጅናና ሩቅ መንገድ። እርሱ ግን ምክንያቱን ቈጥሮ ረሳው፤ ቀጠሮውንም «አንድ ቀን» አላለውም፥ «በሚመጣው ወር» አለው እንጂ። ወዳጁም አስቀድሞ ምክሩን በድንጋይ ሠርቶ ጠበቀው። ከሁለቱ ማንኛውም ወዳጅነትን በአፍ ብቻ አልያዘም።

በማግስቱ ወደ ወዳጄ ሄጄ ይቅርታ ለመንሁት፤ የልደት በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን እንድንነሣም ነገርሁት። «ዓይኔስ?» አለኝ። «ዝንቡን እኔ አይልሃለሁ» አልሁት። በተባለው ቀን ሄድን። መንገዱም እንደ መከርነው ሆነ፤ በአዳባ ሜዳ የገብሱ አጨዳ ተፈጽሞ ክምሩ ቆሞ ነበር፤ በዲንሾም ሌሊቱ ውርጭ ነበረ። በዌብ ወንዝ ዳር እርሱ እንደ ልማዱ ክሩን ሲዘረጋ እጁ ምንም አልተሳሳተም፤ እጅ ዓይን የረሳውን ያስታውሳል። ዝንቡ በውኃው ላይ ማረፉን ግን ለማየት አልቻለም፤ ስለዚህ ከትከሻው አጠገብ ቆሜ ዓሣው ሲነሣ «አሁን!» እለው ነበር። እኔ ልምድ ስለሌለኝ ብዙ ጊዜ ዘግይቼ ተናገርሁ፤ ዓሣውም አመለጠ። እርሱም «ሰባት ዓመት የዘገየ ሰው በአንድ ቀን ፈጣን አይሆንም» ብሎ ሣቀብኝ። እስከ ማታ አንድ ብቻ ያዝን፤ እርሱም ከእጅ መዳፍ ብዙ የማይበልጥ ነበረ። ወዳጄ በውኃው ውስጥ እንዳለ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ነቍጡን ማየት ስላልቻለ ቀለሙን ጠየቀኝ። ነገርሁት። ከዚያ በኋላ ለቀቀው፤ ማታ ሽሮ በላን።

ዕዳዬን ከፍዬ ጨርሻለሁ ለማለት አልደፍርም። ዓይኑ ደኅና በነበረበት ዘመን ቢሆን ኖሮ የወንዙን ጥራት፥ የዓሣውን ነቍጥ፥ ዝንቡ ሲያርፍ የሚሠራውን ትንሽ ክብ በራሱ ዓይን ያይ ነበር። የገንዘብ ዕዳ ከወለዱ ጋር ይከፈላል፤ የጊዜ ዕዳ ግን ቢከፈልም ጐደሎ ሆኖ ነው የሚከፈለው። ቢሆንም፥ ጐደሎ ሆኖ የተከፈለ ጨርሶ ካልተከፈለ ይሻላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላቀረብሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ከወዳጅ ጋር የተመከረ መንገድ፥ ለጨዋታም ቢሆን፥ ዕዳ ነው፤ ዳኛ ስለማይፈርድበት ደግሞ ለመክፈል የሚያስገድደን የራሳችን ሕሊና ብቻ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ከወዳጁ ጋር የዘረጋው ካርታ ያለው ሰው፥ ካርታውን ያውጣ፤ በጀርባው ወሩንና ቀኑን ይጻፍ፤ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለውንም ጽፎ ጫማውን ያጥልቅ።